ፍም ይዳፈናል፣ ነበልባል ግን አይታፈንም፤ ስለ ቤት ምድጃ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው አምስቱ ደብዳቤዎች ከአምስት ከተማ የመጡ ናቸው። ምድጃቸው ለየቅል ነው፣ ቅሬታቸው ግን አንድ ነው፦ እሳቱ ቶሎ ያልቃል።

ከሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ

ጥያቄ፦ ሳሎናችን ውስጥ በሩ መስታወት የሆነ የብረት የእንጨት ምድጃ አለ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ እንጨት እሞላውና ወዲያው የአየር መግቢያውን ዘግቼ እተኛለሁ። እናቴ ማታ ማታ እሳት ስትዳፍን እያየሁ ስላደግሁ ነው እንዲህ የማደርገው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ግን ቤቱ ቀዝቅዞ እነቃለሁ። ውስጡ ያለው በግማሽ የከሰለ እንጨት ነው፣ መስታወቱም ጠቁሯል። እስከ ንጋት እንዲቆይልኝ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እናትዎ ይዳፍኑ የነበረው ፍም ነው፤ እርስዎ የሚያፍኑት ነበልባል ነው። ፍም ጋዙ ነዶ ያለቀለት፣ ከሰሉ ብቻ የቀረ እንጨት ነው። አመድ ሲለብስ አየር በስሱ እየደረሰው ያድራል፤ የሚጨስ ነገር አልቀረውም። አዲስ የገባ ፍልጥ ግን ሲሞቅ መጀመሪያ ውሃውን፣ ቀጥሎ ጋዙን ይለቃል። ከእንጨቱ ሙቀት ግማሹ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነው ያለው በዚህ ጋዝ ውስጥ ነው። ጋዙ ጥርት ብሎ እንዲነድ በቂ አየርና ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ ሙቀት ይፈልጋል። እንጨቱ ገና እሳት ሳይዝ አየሩን ሲዘጉበት ጋዙ ሳይነድ ጭስ ሆኖ ይወጣል። መስታወቱን ያጠቆረው እሱ ነው። ወደ ላይ የሄደው ደግሞ ቀዝቃዛውን የጭስ ማውጫ ግድግዳ ሲነካ ቅጥራን ሆኖ ይጋገርበታል። ይህ ቅጥራን አንድ ቀን እሳት ከያዘ ሙቀቱ 1,000 ዲግሪን ሊያልፍ ይችላል፤ ቤት የሚቃጠለውም በዚህ መንገድ ነው። እስካሁን በዚህ መልክ ሲያነዱ ከቆዩ ሌላውን ምክር ከመሞከርዎ በፊት ጭስ ማውጫውን በባለሙያ ያስመርምሩ። ቅጥራኑ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ከደረሰ ሳይጠረግ እሳት አይለኩሱበት።

ቀጥሎ ምድጃው በእርግጥ ስንት ሰዓት ሊቆይ እንደሚችል በሒሳብ እንየው፤ ብዙ ሰው ከምድጃው አቅም በላይ ይጠብቃልና። በደንብ የደረቀ አንድ ኪሎ እንጨት ወደ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚሆን ሙቀት አለው። ጥሩ ምድጃ ከዚህ ሦስት አራተኛውን፣ ማለትም 3 ኪሎ ዋት ሰዓቱን ለቤቱ ያስቀራል፤ የቀረው በጭስ ማውጫው ይወጣል። የእሳት ሳጥኑ 2 ኪዩቢክ ጫማ፣ በሌላ አነጋገር 57 ሊትር ያህል ከሆነ፣ ትልልቅ የኦክ ፍልጥ ተጠጋግቶ ሲደረደርበት 15 ኪሎ አካባቢ ይይዛል። 15 በ3 ሲባዛ 45 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ቤትዎን ለማሞቅ 5 ኪሎ ዋት የሚበቃበት ሌሊት ከሆነ እሳቱ 9 ሰዓት ያቆይዎታል። ብርዱ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ወርዶ ቤቱ 9 ኪሎ ዋት የሚፈልግ ከሆነ ግን ያው እንጨት በ5 ሰዓት ያልቃል። በእንዲህ ያለ ሌሊት አንድ ጊዜ ተነሥቶ መጨመር፣ ወይም ሌላ ማሞቂያ ደርቦ ማብራት ግድ ነው። አየሩን በማፈን ይህን ሒሳብ ማሸነፍ አይቻልም። «እሳቱ አደረ» ማለት ደግሞ ነበልባል አደረ ማለት አይደለም፤ ጠዋት ክብሪት ሳይጭሩ ቀጫጭን እንጨት የሚያያይዝ ፍም ካገኙ ሌሊቱ ተሳክቶልዎታል።

አሁን ወደ አደራደሩ እንምጣ። ከመተኛትዎ አንድ ሰዓት ያህል አስቀድመው፣ የቀደመው እንጨት ነዶ ፍም ብቻ ሲቀር ይጀምሩ። አየሩን እስከ መጨረሻው ይክፈቱ፤ አንድ ደቂቃ ቆይተው በሩን በስሱ ገርበብ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ወለል ያድርጉት። በሩን በድንገት ከበረገዱት ጭሱ ወደ ቤት ይመለሳል። ፍሙን በሙሉ በመቆስቆሻ ወደ ፊት፣ አየሩ ወደሚገባበት ወደ በሩ በኩል ይሳቡት። ከሥሩ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር አመድ ይተዉ፤ ወለሉን ጥርግ አድርጎ ማውጣት ስሕተት ነው፣ ፍሙን ለብሶ የሚያሳድረው ያ አመድ ነውና። ከዚያ ባዶ በሆነው በኋላው በኩል ትልልቆቹን፣ ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያላቸውን ፍልጦች አጠጋግተው ይደርድሩ። ቋጠሮ በዝቶባቸው ለመፍለጥ ያስቸገሩት እንጨቶች ለዚህ ሰዓት የተፈጠሩ ናቸው። ክፍተቱን በመካከለኛ ፍልጥ ይሙሉ። ፊት ለፊት፣ ፍሙ ላይ፣ ቶሎ የሚያያዙ አንድ ሁለት ቀጫጭኖች ያስቀምጡ። በላይ በኩል አየር የሚረጩ ቀዳዳ ያላቸው ቱቦዎች ካሉ እንጨቱ እንዳይነካቸው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይተዉላቸው።

ፍሙን ወደ ፊት የመሳቡ ምክንያት ይህ ነው፤ እንጨቱን ፍም ላይ ከቆለሉት ሁሉም ከሥር ተጠብሶ ጋዙን በአንድ ጊዜ ይለቃል፣ ምድጃው ለሁለት ሰዓት ይግላል፣ ከዚያ ያልቃል። ፍሙ ፊት ለፊት ሲሆንና ፍልጡ ተጣብቆ ሲደረደር ግን እሳቱ ከበሩ ወደ ኋላ ተራ በተራ ይበላል። ስንፈትሽ ከምናየው ስሕተት ሁሉ እንጨትን እንደ ጎጆ አነባብሮ ክፍተት መተው ይበዛል። እንዲህ ያለው አደራደር ለማቀጣጠል እንጂ ለማሳደር አይሆንም።

አየሩን የሚቀንሱት በደረጃ ነው። ሙሉ ተከፍቶ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይንደድ፤ ከፊት ያሉት ፍልጦች ጠርዛቸው ሁሉ ሲጠቁርና ነበልባሉ ሳጥኑን ሲሞላ ግማሹን ይዝጉ። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በኋላ ወደ ሩብ ያውርዱት። ከዚህ በኋላ ነበልባሉ ረጋ ብሎ፣ ከእንጨቱ ይልቅ ከላይ በአየር ላይ የሚንሳፈፍ መስሎ ሲነድ ካዩ ትክክል ነዎት፤ ጋዙ እየነደደ ነው። ነበልባሉ ጠፍቶ እንጨቱ ብቻ ጠቁሮ ካጨሰ ግን ፈጥነዋል፤ ወደ ግማሽ መልሰው ይክፈቱና አምስት ደቂቃ ይስጡት። ያለ መለኪያ ይህን መልመድ ይከብዳል። ስለዚህ ማግኔት ያለው የቱቦ ቴርሞሜትር ይግዙና ከምድጃው 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው ቱቦው ላይ ይለጥፉ። ቱቦዎ ነጠላ ከሆነ ላይኛው ገጹ ከ120 እስከ 240 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ይሁን። ከ120 በታች ሲውል ቅጥራን ይጋገራል፤ ከ240 በላይ ሲሄድ ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየላኩት ነው። ግድግዳው ድርብ የሆነ ቱቦ ከውጭ ሲለካ ያታልላል፤ እሱ ወደ ውስጥ የሚገባ መለኪያ ይፈልጋል።

ምድጃዎ ካታሊስት ያለው ከሆነ ነገሩ ይሻላል። ካታሊስቱ ጭሱን በአነስተኛ ሙቀት ስለሚያቃጥል እሳቱን በጣም ዝቅ አድርጎ ማሳደር ይቻላል፤ ትልቅ ሳጥን ያላቸው 12 ሰዓትና ከዚያም በላይ ይቆያሉ። ነገር ግን የካታሊስቱ መለኪያ 260 ዲግሪ አካባቢ ሳይደርስ የማለፊያ መክፈቻውን፣ ማለትም ጭሱ ካታሊስቱን ሳይነካ የሚያልፍበትን መንገድ፣ መዝጋት የለብዎትም። ቀዝቃዛ ካታሊስት ጭሱን አያቃጥልም፣ ይደፈናል እንጂ።

ሁሉን በትክክል አድርገው እሳቱ አሁንም ካመለጠዎት አየር በሌላ በኩል እየገባ ነው። የበሩን የገመድ ማሸጊያ ይፈትሹ፤ ምድጃው በቀዘቀዘበት ሰዓት የአንድ ዶላር ኖት በበሩ መሐል አድርገው ይዝጉትና ይሳቡት። ያለ ትግል ከወጣ በዚያ ቦታ አየር ይገባል። ዙሪያውን በሙሉ፣ የአመዱን መሳቢያ በርም ጭምር እንዲሁ ይሞክሩ። መጀመሪያ የበሩን መቆለፊያ ማጥበቅ ይሞከራል፤ ካልበቃ ገመዱ ይቀየራል። ውፍረቱ ከምድጃ ምድጃ ስለሚለያይ በመመሪያው ላይ ያለውን ልክ ይግዙ። አሮጌውን ሙጫ እስከ ብረቱ ፍቀው አዲሱን ሳይለጥጡ ያስገቡ፤ የተለጠጠ ገመድ ይቀጥናልና። ሌላው ምክንያት የጭስ ማውጫው ርዝመት ነው። ከ7 ሜትር በላይ የቆመ ጭስ ማውጫ በከባድ ብርድ ቀን እሳቱን በኃይል ስቦ ይጨርሰዋል። የምድጃው መመሪያ የሚፈቅድ ከሆነ ቱቦው ላይ የሚዞር መዝጊያ ማስገባት ይህን ይገታል፤ ግፊቱን ለክቶ የሚወስነው ግን ባለሙያ ነው።

አንድ ተቃራኒ ችግርም አለ። ብርዱ ለቀናት ሲበረታና እንጨት ቶሎ ቶሎ ሲጨመር ሳጥኑ በፍም ይሞላና ለአዲስ እንጨት ቦታ ይጠፋል። ፍሙን ወደ ፊት ስበው አንድ ቀጭን ደረቅ የፓይን ፍልጥ ከላይ ያድርጉ፣ አየሩንም ከፍተው ይተዉት፤ ነበልባሉ አየር እየሳበ ፍሙን ይጨርሰዋል። አመድ ሲያወጡ ክዳን ባለው የብረት ባልዲ ይሁን፤ ባልዲውንም ከቤትና ከበረንዳ አርቀው መሬት ላይ ያኑሩት። የተዳፈነ ፍም በአመድ ውስጥ ለቀናት እንደሚኖር ከእናትዎ የሚያውቁት ነው።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ጥያቄ፦ «የከረመ ኦክ ነው» ተብሎ አንድ ኮርድ እንጨት ገዛን። ሲነድ ይንጫጫል፣ ከጫፉ አረፋ ያወጣል። ሻጩ ከተቆረጠ አንድ ዓመት ሆኖታል ይላል። ተታለልን ወይስ ምድጃው ነው?

መልስ፦ እንጨቱ ርጥብ ነው። ሻጩ ግን ውሸት ተናግሯል ማለት አይደለም፤ ኦክ አንድ ዓመት አይበቃውም። ከተፈለጠ በኋላ ፀሐይና ንፋስ በሚያገኝበት ቦታ ሁለት ዓመት ይፈልጋል። ሜፕልና አሽ በአንድ ዓመት ይደርሳሉ፤ ፓይን በአንድ በጋም ሊደርስ ይችላል። ተቆርጦ ሳይፈለጥ የከረመ ግንዲላ ደግሞ ዓመቱ አይቆጠርለትም፣ ቅርፊቱ ውሃውን ይዞ ያቆያልና።

ዛሬ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል። ለምድጃ የሚፈለገው ከ15 እስከ 20 በመቶ ነው። ርጥቡን እንጨት ሲያነዱ ሙቀቱ ውሃ ለማትነን ይውላል። በላይኛው መልስ ያነሣነው 600 ዲግሪም አይደረስም፤ ስለዚህ ሰው አየሩን ከፍቶ ያነዳል፣ እንጨቱም ሙቀት ሳይሰጥ ቶሎ ያልቃል። የእሳት ዕድሜ የሚጀምረው ከቁልሉ ነው የምንለው ለዚህ ነው።

መለኪያው ርካሽ ነው፤ ሁለት መርፌ ያለው የርጥበት መለኪያ ይግዙ። ስሕተት የሚፈጠረው አለካኩ ላይ ነው። የፍልጡን ጫፍ ወይም የቆየውን ገጽ አይውጉ፤ እዚያ ሁልጊዜ ደረቅ ነው። ፍልጡን ቤት ውስጥ አንድ ቀን ያሳድሩት፣ ለሁለት ይፍለጡት፣ አዲስ የተገለጠውን መሐል በእንጨቱ ጭረት አቅጣጫ ይውጉ። ከተለያየ የቁልሉ ቦታ አምስት ስድስት ፍልጥ ይሞክሩ። መለኪያው 25 ቢል አይደንግጡ፤ አብዛኞቹ ውሃውን ከደረቁ እንጨት ክብደት ጋር ስለሚያነጻጽሩ ያ ቁጥር ከጠቅላላ ክብደቱ 20 በመቶ ነው። ማረጋገጥ ከፈለጉ ከመሐሉ ቀጭን ቁራጭ ወስደው ይመዝኑ። በ100 ዲግሪ ኦቭን ውስጥ፣ እየጠበቁት፣ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ያድርቁት። 200 ግራም የነበረው 160 ላይ ከቆመ ውሃው 40 ግራም፣ 20 በመቶ ነበር ማለት ነው።

የገዙትን እንጨት አይጣሉት። ወፍራሞቹን ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ወርድ ደግመው ይፍለጡ፤ ቁልሉን ከመሬት በፓሌት ያንሡት፣ ከላይ ብቻ ይሸፍኑት፣ ጎኑን ለንፋስ ይተዉት። ጎኑን በሸራ መጠቅለል ከምናያቸው ጥፋቶች ሁሉ የሚያሳዝነው ነው፤ ሰው ለፍቶ ቆልሎ እንጨቱን ያሻግተዋል። ለዘንድሮ በእቶን የደረቀ እንጨት ወይም የተጨመቀ የሰጋቱራ ብሎክ ገዝተው ያንዱ። ብሎኩ በጣም ደረቅ ስለሆነ ሳጥኑን በእሱ ሙሉ በሙሉ አይሙሉት። ሲገዙም ኮርድ ማለት 4 በ4 በ8 ጫማ፣ 128 ኪዩቢክ ጫማ የሆነ ተደርድሮ የተለካ ቁልል መሆኑን ይወቁ፤ በጭነት መኪና ተዝረክርኮ የመጣን ዝም ብለው በኮርድ ዋጋ አይክፈሉ።

የሴንት ፖሉ ጠያቂያችንም ይህን ልብ ይበሉ። በከተማዎ አረንጓዴው የአሽ ጥንዚዛ ከተገኘበት እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ የሞተ የአሽ እንጨት በብዛት አለ፤ ጥሩ ማገዶም ነው። ተባዩን ስለሚያሰራጭ ግን ካገኙበት አካባቢ ርቀው አይውሰዱት።

ከፍራንክፈርት፣ ጀርመን

ጥያቄ፦ ትንሽ የእንጨት ምድጃ አለችን። ስንት ብንሞላት ከአንድ ሰዓት አታልፍም። ጎረቤታችን ብሪኬት (የተጨመቀ ማገዶ) በጋዜጣ ጠቅልሎ ያሳድራል። እኛም እንሞክር?

መልስ፦ መጀመሪያ ከምድጃው ጀርባ ወይም ከመሳቢያው ውስጥ ያለውን የብረት ሰሌዳ ያንብቡ። «ጻይትብራንድ» የሚል ከሆነ ምድጃዋ ለአጭር ጊዜ እሳት የተሠራች ናት፤ በአንድ ጊዜ ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ እንጨት ብቻ ተሰጥቷት ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ትነዳለች። ይህ ጉድለቷ አይደለም። ከዚያ በላይ መሙላት ሸክላውን ይሰነጥቃል፣ መከለያ ብረቱን ያጣምማል። «ዳወርብራንድ» የሚል ከሆነ ግን ለማሳደር የተሠራች ናት።

የጎረቤትዎ ልማድ የቆየ ነው። የቡናማ ድንጋይ ከሰል ብሪኬት በርጥብ ጋዜጣ ሲጠቀለል አየር በቀስታ ይደርሰውና ፍም ሆኖ ያድራል። የሚፈቀደው ግን በሰሌዳው ወይም በመመሪያው ላይ ይህ ማገዶ በስም ከተጠቀሰ ብቻ ነው። ለእንጨት ብቻ በተፈቀደች ምድጃ የሚሻለው ከዛፍ ቅርፊት የተጨመቀ ብሪኬት ነው፤ እሱም መመሪያው የሚቀበለው መሆኑን ያረጋግጡ። ነበልባሉ ትንሽ፣ ፍሙ ግን ረጅም ነው፤ ፍም ላይ አንድ ወይም ሁለት ተደርጎ አየሩ ሲቀነስ እስከ ማለዳ የሚያያዝ ፍም ያኖራል። ቤቱን አያሞቅም፣ የጠዋቱን ማቀጣጠል ግን ያስቀራል።

ሕጉንም አይዘንጉ። በጀርመን ማገዶ እንጨት ከደረቅ ክብደቱ አንጻር ከ25 በመቶ ያነሰ ርጥበት ሊኖረው ይገባል። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2010 በፊት የተተከሉና የጭስ ልቀት ገደቡን የማያሟሉ ምድጃዎች የመጨረሻ ቀናቸው ቢዘገይ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 31 ቀን 2024 ነበር። የእርስዎ አሮጌ ከሆነች ሾርንሽታይንፌገሩን፣ ማለትም የጭስ ማውጫ ጠራጊውን ባለሙያ፣ ይጠይቁ፤ የሚያፈርስብዎ ሰው አድርገው አይፍሩት።

ከደብረ ብርሃን

ጥያቄ፦ ላቀች ምድጃ ላይ ከሰል እናነዳለን። ማታ ከወጥ በኋላ የተረፈውን ፍም አመድ አልብሰን መኝታ ቤት እናስገባለን፤ ነገር ግን እኩለ ሌሊት ሳይሞላ ይጠፋል። እንዴት ይቆያል?

መልስ፦ እባክዎ ከዛሬ ማታ ጀምሮ አያስገቡት። ይህ ከሁሉም መልሶቻችን ቀድሞ የሚነበብ ነው። ከሰል ጭስ የለውም ማለት መርዝ የለውም ማለት አይደለም። ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣዋል፤ አይታይም፣ አይሸትም። በአመድ ሲለብስ አየር ስለሚያንሰው ጋዙ ይብሳል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ይጀምራል፤ የተኛ ሰው ግን ይህን ሳይሰማው ሳይነቃ ይቀራል። መስኮት ገርበብ ማድረግ አያስተማምንም። በላይኛዎቹ መልሶች ፍም ያድራል ያልነው ጭስ ማውጫ ላለው የብረት ምድጃ ነው፤ እዚያም ቢሆን የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ መተከል አለበት። ለመኝታው ማታ ውሃ አፍልተው በላስቲክ የሙቅ ውሃ ከረጢት ሞልተው፣ ክዳኑን አጥብቀው፣ በጨርቅ ጠቅልለው ከብርድ ልብሱ ሥር ያድርጉ።

ለወጥና ለቡና ከሰሉን ማቆየት ግን ይቻላል። የግራር ከሰል ከባሕር ዛፍ ይልቅ ጠንካራ ስለሆነ ይቆያል። ቁራጮቹ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ይሁኑ፤ ድቃቂው በወንፊት ይለይ፣ የሸክላውን ቀዳዳ ይደፍናልና። ከመለኮስዎ በፊት የታችኛውን አመድ ጠርገው በሩን ሙሉ ይክፈቱ። ከሰሉ ሁሉ ቀልቶ ስስ አመድ መልበስ ሲጀምር ድስቱን ይጣዱ፤ ሲፈላ በሩን አንድ ጣት ያህል እስኪቀር ይዝጉት። በማራገቢያ ደጋግሞ ማርገብገብ ከሰሉን ከሚያስጨርሱት ሁሉ የመጀመሪያው ነው፤ ወጥ ከተንተከተከ በኋላ እሳት ቢጨምሩለትም ቶሎ አይበስልም።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ባቄላና ሽንብራ በዚህ ሙቀት ብዙ ይቆያሉ። ሌሊቱን መዘፍዘፍና ድስቱን በደንብ መክደን ከማንኛውም የምድጃ ብልሃት ይልቅ ከሰል ይቆጥብልዎታል።

የተለየውን ድቃቂ አይጣሉ። አራት እጅ ድቃቂ ከአንድ እጅ የተነፋ የሸክላ አፈር ጋር በጥቂት ውሃ አቡክተው የእንቁላል ያህል ያድበልብሉትና ፀሐይ ላይ እስከ ውስጡ ያድርቁት። በቀላ ከሰል ላይ ሁለት ሦስት ጣል ሲያደርጉበት ቀስ ብሎ ይነዳል። ሲሰነጣጠቅ ከታየ አፈሩ አንሷል፤ እሳት አልይዝ ካለ በዝቷል።

ከደሴ

ጥያቄ፦ ምርጥ ምድጃ ገዝተን ነበር። ማገዶ ይቆጥባል ቢባልም ሃያ እንጀራ ሳይሞላ አንድ ሸክም ያልቃል፤ መጨረሻ ላይ የሚወጣውም ዓይን አያወጣም። ምን አጠፋን?

መልስ፦ ምርጥ ምድጃ በትክክል ሲገጠም ከክፍት ጉልቻ አንጻር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ማገዶ እየበላ ነው ሲባል መጀመሪያ የምንመለከተው መጋጠሚያውን ነው። የዙሪያው ክፍሎች በሚገናኙበትና ምጣዱ በሚያርፍበት ጠርዝ ላይ ነበልባል ብቅ ካለ ሙቀቱ በዚያ እየሄደ ነው። የሸክላ ጭቃ ከአመድ ጋር አቡክተው ክፍተቱን ሁሉ ይለቅልቁ። ምጣዱ ሲነካ የሚወዛወዝ ከሆነ አንሥተው ጠርዙን ያስተካክሉ፣ በጭቃም ያስቀምጡት።

ሁለተኛው የማገዶው ልክ ነው። ወፍራም ግንዲላ አስገብቶ መተው በጉልቻ ላይ የለመድነው ነው፤ እዚህ ግን አፉን ይዘጋል፣ አየሩም የሚገባው በዚያው አፍ ስለሆነ እሳቱ ጨሶ ይቀራል። ሁለት ጣት ውፍረት ያለው ደረቅ ፍልጥ ሦስት ወይም አራት ብቻ ያስገቡ፤ ከላያቸው ክፍት ቦታ ይቅር። ጫፋቸው ምጣዱ መሐል ላይ ይድረስ፣ ሲነድም እየገፉ ያቅርቡት። ጫፉ በር አካባቢ ከቀረ የምጣዱ ወዲያኛው ወገን አይሞቅም፤ እንጀራው በአንድ በኩል ብቻ ዓይን ያወጣል። በትክክል ገፍተውም ወዲያኛው በኩል ካልሞቀ የኋላው የጭስ መውጫ በጥላሸት ወይም በአመድ ተደፍኗል፤ ምድጃው በቀዘቀዘ ጊዜ ይጥረጉት።

የመጀመሪያዋ እንጀራ ከመጋገሯ በፊት ምድጃውና ምጣዱ የሚበሉት ማገዶ አምስትም ጋገሩ ሠላሳ ያው ነው። ስለዚህ በሳምንት ሦስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ከመጋገር አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ አብዝቶ መጋገር ይሻላል። ሊጡ ደርሶ፣ ማሰሻውና አክንባሎው ቀርቦ፣ ሰፌዱም ተዘጋጅቶ እሳቱ ይለኮስ። በመሐል የሚጠፋ ጊዜ ሁሉ ባዶ ምጣድ ሥር የሚነድ እንጨት ነው። የመጨረሻዎቹ ዓይን የማያወጡት ብዙ ጊዜ እሳቱ አልቆ ሳይሆን አመዱና ፍሙ ተከምሮ ነበልባሉ ወደ ምጣዱ መድረስ ስላቃተው ነው። በመሐል አንዴ ፍሙን ወደ ጎንና ወደ ጎን ገፋ ያድርጉት። ሦስት እንጀራ ሲቀር ማገዶ መጨመር ያቁሙ፤ የምድጃው ግድግዳ የያዘው ሙቀት ይጨርሳቸዋል። በኋላው የጭስ መውጫ ላይ ካለው ማስቀመጫ ድስት ወይም የውሃ ማንቆርቆሪያ ጣል ካደረጉበትም የሚወጣው ሙቀት በከንቱ አይሄድም።

አንዱ ክፍል ከተሰነጠቀ ምድጃው ፈጽሞ በቀዘቀዘበት ቀን ስንጥቁን አርሰው በሲሚንቶና በተነፋ አሸዋ ይድፈኑት። ለሰባት ቀን በጥላ ሥር ጠዋትና ማታ ውሃ ያርከፍክፉበት፣ ከዚያ ለጥቂት ቀን ይድረቅ። የመጀመሪያውን እሳት በጭራሮ ብቻ፣ ዝቅ አድርገው ያንዱት፤ ውስጡ የቀረው ውሃ በድንገት ሲተን መልሶ ይሰነጥቀዋልና።